የቀን መቁጠሪያው ሥዕል የማንን ቀን ይቆጥራል?

እ.ኤ.አ. በ2021 በጹር እስራኤል ዘመቻ ከጎንደር ገብታ እዚሁ ኪርያት ሀሻሮን ከልጇ ጋር የምትኖር አክስት አለችኝ። አንድ ቀን በስልኳ ከሐኪም ቤት የአማርኛ መልእክት ደረሳት፤ «ቀጠሮዎ 9 ሰዓት ነው» ይላል። እርሷም እንደ አገሯ 9 ሰዓት፣ ማለትም በዚህ አገር 15:00 ላይ ሄደች። ጠዋት ስሟ ተጠርቶ ስላልተገኘች ቀጠሮው ተሰርዞ ጠበቃት። ሌላ ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀባት። ስለ ስልካችን ፊት ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ስልክ ስንከፍት የምናያቸው ትንንሽ ሥዕሎች፣ አይኮን የሚባሉት፣ አብዛኞቹ እንደ ሱቅ ታፔላ ናቸው፤ አይለወጡም። ጥቂቶቹ ግን ይንቀሳቀሳሉ። የአይፎን የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ስልኩ ከወጣበት ከ2007 ጀምሮ የዕለቱን ቀን ያሳያል። የሰዓቱ ሥዕል ደግሞ ከ2013 ወዲህ ቆጣሪዎቹ በእውነት ይዞራሉ፤ የሴኮንዱ ሳይቀር። በአንድሮይድ ስልኮችም ይህን የመሰለ አለ። ማይክሮሶፍት በ2010 የዊንዶውስ ፎንን ገጽ በሚገለባበጡ ሣጥኖች ሞልቶት ነበር፤ ስልኩ ገበያ አጥቶ ቀረ፣ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11ም ሣጥኖቹን ጣላቸው። እኔን አልናፈቁኝም። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ ሲያወራ ማን ይሰማል?

የሰዓቱን ሥዕል ግን አመሰግናለሁ። የእኛ አቆጣጠርና የዚህ አገር አቆጣጠር በ6 ሰዓት ይራራቃሉ፤ 6 ሰዓት ደግሞ የሰዓት ፊት እኩሌታ ነው። ስለዚህ አጭሩ ቆጣሪ የሚያመለክተውን ትቶ ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር ያነበበ ሰው የአገሩን ሰዓት ያገኛል፤ 9 ላይ ከቆመ 3፣ 7 ላይ ከቆመ 1። ደቂቃው አይለወጥም። ለአክስቴ ይህን ለማሳየት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሣቀችና «ጅራቱን ነው የማነበው በለኛ!» አለችኝ። በቁጥር የተጻፈው 09:00 ግን እንዲህ አይገለበጥም። የሠሪዎቹ ሐሳብ ይህ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጠቀመን። ጉድለቱ ትንሽነቱ ነው፤ ያለ መነጽር አይታይም።

ቅሬታዬ በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ይናገራል፣ እርሱም የአውሮፓ ነው። በቤታችን ግን ሦስት ዓይነት ቀን ይቆጠራል፤ ደመወዝ በአውሮፓ፣ በዓል በዕብራይስጥ፣ ተዝካር በኢትዮጵያ። ስግድን እንመልከት። ቀኑ ሄሽቫን 29 ነው፤ በ2008 የወጣው ሕግም የመንግሥት በዓል አድርጎታል። በሥዕሉ ላይ ግን በ2023 ኖቬምበር 13፣ በ2025 ኖቬምበር 20 ሆኖ መጣ። በእኛ ደግሞ ኅዳር 3 እና ኅዳር 11 ነበር። የአክስቴ ባል ያረፈው ጥር 12 ነው፤ በዚያ ዕለት ሥዕሉ እንደ ዓመቱ 20 ወይም 21 ይላል። እርሷም ስልኩን አምና አንድ ጊዜ ተዝካሩ ስምንት ቀን አልፎታል ብላ አሳለፈችው። የማይንቀሳቀስ ሥዕልን ማንም አያምነውም። ከ2013 በፊት የአየር ጠባዩ ሥዕል በአሜሪካ በረዶ እየወረደም 73 ዲግሪ ይል ነበር፤ በዚያ የተታለለ ሰው አላውቅም። በየሌሊቱ ራሱን የሚለውጥ ቁጥር ግን ይታመናል።

በአይፎን ማስተካከያ ውስጥ የዕብራይስጡን ቀን መጨመር ይቻላል፤ ልጆቻችሁ ያደርጉላችኋል። የሚታየው ግን መቁጠሪያው ሲከፈት ነው፤ ከውጭ ያለው ሥዕል የአውሮፓውን ቀን ይዞ ይቀራል። ስልኩ ስሌቱን ካወቀ፣ በሥዕሉ ላይ የትኛው ቀን እንደሚወጣ ባለቤቱ ቢመርጥ ምን ይጎዳል?

እስከዚያው ድረስ በማቀዝቀዣዋ በር ላይ የወረቀት መቁጠሪያ ሰቅዬ ሦስቱንም ቀን በእጄ ጽፌላታለሁ። የቀጠሮ መልእክት ሲደርሳት ደግሞ ሳትደውል አትሄድም፤ «ይህ 9 ራሱ ነው ጅራቱ?» ትለኛለች።