ስለ መራራው ገጽ

በጎንደር ከተማ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር እንደ መሆኔ መጠን፣ ለተማሪዎቼ ልብ ወለድ መጽሐፍ በምመርጥበት ጊዜ፣ ታሪኩ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ስደት፣ ስለ ጠለፋ ወይም ያለዕድሜዋ ስለ ተዳረች ልጅ የሚናገር መሆኑን ከመጠየቄ አስቀድሞ፣ እጅግ መራራው ገጽ የትኛው እንደ ሆነና በምን ዓይነት ቃል እንደ ተጻፈ እመረምራለሁ። እንግሊዝኛን ከእናቱ አፍ የተማረ አንባቢ በአንድ እስትንፋስ የሚያልፈውን የግድያ ዐረፍተ ነገር፣ ከደባት ወይም ከደባርቅ የመጣ ልጅ መዝገበ ቃላት ይዞ፣ ግሡን ከባለቤቱ እያገናኘ፣ ረጅም ሰዓት ይቆምበታልና፤ ደራሲው ለአፍታ የገለጠውን ቁስል ተማሪው መላልሶ ይነካዋል።

ይህን ስል የሚያስጨንቀው ነገር ሁሉ ከክፍል ይራቅ ማለቴ አይደለም። ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም ከዚያ በፊት የታጨች ልጅ፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ እስከ ደባት ወረዳ በዘለቀ ጊዜ ከቀዬዋ የተሰደደች ልጅ በፊቴ ተቀምጣ ሳለ፣ ኀዘን የሌለበት መጽሐፍ ብሰጣት እርሷ ለማታውቀው ዓለም የተጻፈ ይመስላታል።

በዚህ ረገድ የኤልሳቤጥ ሌርድን «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» አብልጬ እወደዋለሁ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ያስተማሩት እኒህ ደራሲ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ፣ ማሞ የተባለው ብላቴና ተታልሎ ከአዲስ አበባ ይወሰድና ለገበሬ ተሽጦ ከብት ጠባቂ ይሆናል። ብርዱን፣ ረኀቡን፣ የከብቱንም ጠባይ በሰሜን ተራሮች ግርጌ እረኛ ሆኖ ያደገ ተማሪ ጠንቅቆ ያውቀዋልና፣ የሚከብደው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። እንግሊዝኛውም ራሱ መጋረጃ ይሆነዋል፤ በአማርኛ ስለ ራሱ ቢጠየቅ አንገቱን የሚደፋው ልጅ፣ በባዕድ ቋንቋ ስለ ማሞ ሲጠየቅ የገዛ ምሥጢሩን በማሞ ስም ሲናገር ብዙ ጊዜ ሰምቼአለሁ። መዓዛ መንግሥቴ በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ አብዮቱ ዘመን ያሳተሙትን ልብ ወለድ ግን፣ ኪነ ጥበቡን እጅግ ባደንቀውም፣ የሥቃዩ ገጾች ረጃጅሞች ስለ ሆኑ፣ ቀይ ሽብር ብዙ ቤት ባጎደለባት በጎንደር ለአዳጊ ተማሪ አልሰጥም፤ ለባልደረቦቼ በደስታ አውሳለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የማመነታው በጄን ከርትዝ «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ነው። ልጅነታቸውን በማጂ ያሳለፉት እኒህ ደራሲ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ይህ ታሪክ፣ አንዲት የቅማንት ልጅና ራሔል የምትባል ዓይነ ስውር የቤተ እስራኤል ልጅ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከጎንደር ምድር ወደ ሱዳን ሲሰደዱ፣ በፍርሃት ተጀምሮ በእኅትነት የሚፈጸመውን መንገዳቸውን ያሳያል። መጽሐፉ ስለ እኛ ይናገራል፤ ሕዝቧ ወደ እስራኤል የሄደባት ወለቃም ከከተማችን ዳር ናት፤ የቅማንትና የአማራ ልጆችም፣ በቅርብ ዓመታት በወገኖቻቸው መካከል ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ስለዚህ ለጀማሪዎች አልሰጠውም፤ ለበሰሉት በምሰጥበትም ጊዜ «በእናንተ ዘንድ ይህ እንዴት ነው?» ብዬ አንዱን ልጅ የወገኑ ጠበቃ አድርጌ አላቆመውም።

የአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓት በዚህ ነገር ያስተምረኛል። ሕፃኑ ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ኋላም ወደ ዳዊት ይሻገራል፤ የመዝሙሩን ልቅሶና የጠላትን ሰይፍ በአንደበቱ እያመላለሰ ያድጋል፤ ትርጓሜውን ግን፣ ጎንደር የታወቀችበትን አንድምታ፣ ልቡናው ከጸና በኋላ ከመምህሩ አፍ ይሰማዋል። የእኔ ተማሪ ንባቡንና ትርጓሜውን በአንድ ቀን ይሸከማል።

ስለዚህም መራራውን ገጽ ለብቻው እንዲያነበው ወደ ቤት አልሰደውም፤ ከባዶቹን ቃላት በዋዜማው አስተምሬ፣ ገጹን በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ራሴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ፤ መውጣት የፈለገ ምክንያት ሳይጠየቅ ይወጣል። ከዚያም ገጽ የፈተና ጥያቄ አላወጣም።