ዋንጫ አለ፣ ጨዋታ የለም

እኛ ድግስ እንችልበታለን። ሰርግ ሲሆን ድንኳን፣ ተዝካር ሲሆን ድንኳን፣ ስብሰባ ሲሆን ደግሞ ባነር። ድግስ መቻላችን ክፋት የለውም፤ ክፋቱ ሁሉን ነገር ድግስ ማድረጋችን ነው። መጽሐፍ ሳንገልጥ የንባብ ሳምንት እናከብራለን። ችግኝ ተክለን ሳናጠጣ በዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ላይ ሌላ እንተክላለን። እስቲ ዛሬ ደግሞ ከድግሶቻችን ስለ አንዱ እናውራ፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አገር አቀፍ የስፖርት ውድድር።

አሠራሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንድ ዩኒቨርሲቲ አስተናጋጅ ይሆናል። ግቢው ይጠረጋል፣ የመንገዱ ጠርዝ ኖራ ይቀባል፣ ተዘግቶ የከረመ የመታጠቢያ ክፍል ቧንቧው ይጠገናል። አውቶቡሶች ከየአቅጣጫው ይገባሉ። ማርሽ ባንድ፣ ሰልፍ፣ አዲስ ቱታ፣ የክብር እንግዳ። ከዚያ ንግግር፣ አሁንም ንግግር። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር መግቢያው ከሐተታው የሚረዝም ድርሰት የሚያመጡልኝ ተማሪዎች ነበሩ፤ የመክፈቻውን ሥነ ሥርዓት ባየሁ ቁጥር እነሱ ትዝ ይሉኛል። ጨዋታው በጥድፊያ ይካሄዳል፤ ዛሬ የተጫወተ ቡድን እግሩ ሳያርፍ ነገም ይጫወታል። ዋንጫው ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አውቶቡሶቹ ይመለሳሉ። የመታጠቢያው ክፍልም ይቆለፋል።

ታዲያ ማን ተጫወተ? የጣት ሒሳብ እንሥራ። አሥራ አምስት ሺህ ተማሪ ያለው አንድ ግቢ ሁለት አውቶቡስ ሞልቶ ላከ እንበል። አሠልጣኙን፣ ቡድን መሪውንና ለአበል የተሳፈረውን ሁሉ ተማሪ ነው ብለን ብንቆጥር እንኳ ከመቶ ሃያ አይበልጥም። የቀረው አሥራ አራት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ተማሪ ምን ይሠራል? ቴሌቪዥን ክፍል ተፋፍጎ ስለ አርሴናልና ስለ ማንቼ ይጨቃጨቃል። ቮሊቦል መጫወት የፈለገ ኳስ ለማውጣት የሦስት ሰው ፊርማ ይጠየቃል። ሴቷ ተማሪማ አትነሳ። ልብስ የምትቀይርበት ክፍል የለም፣ ሲመሽ ሜዳው መብራት የለውም፣ ብትሮጥ የሚያፏጭባት አይጠፋም። በመክፈቻው ቀን ግን ባንዲራ አስይዘን ከፊት እናሰልፋታለን።

የተመረጡትስ ቢሆኑ? ውድድሩ ከሚድ ወይም ከፋይናል ፈተና ጋር ሲጋጭ ተማሪው ደብዳቤ ይዞ ከመምህር መምህር ይዞራል። አንዱ ማካካሻ ፈተና ይሰጠዋል፤ ሌላው «ኳስ ልትጫወት ነው የመጣኸው?» ብሎ ይመልሰዋል። ዩኒቨርሲቲው በአንድ እጁ ማልያ አልብሶ የላከውን ልጅ በሌላ እጁ ኤፍ ይሰጠዋል ማለት ነው። ጥሩ ሯጭ የሆነ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህን አይቶ ክለብ ልግባ ቢል ምን ይፈረድበታል? ክለቡ ቢያንስ ደመወዝ ይከፍለዋል።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚል አይጠፋም። ድሮማ ድሮ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስፖርቱም ግጥሙም የሚቀርብበት የኮሌጅ ቀን የሚባል በዓል ነበር። ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን በ1953 ዓ.ም. ያሰማው በዚሁ በዓል ነው። ግጥሙን ታሪክ መዘገበው፤ በዚያ ሰሞን ማን እንደሮጠ፣ ማን እንደዘለለ ግን ዛሬ የሚነግረን ብዙ ሰው የለም። ቢሆንም ያኔ ተማሪው በጣት የሚቆጠር ነበርና አንድ በዓል ሁሉንም ያዳርስ ይሆናል። ደርግ ሲወድቅ እንኳ፣ አሥመራን ሳንቆጥር፣ የነበሩን ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ናቸው። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ለሁለት ግቢ የሚበቃ ድግስ ለአርባ ግቢ አይበቃም።

ሌሎቹ ምን አደረጉ? ሩቅ ሳንሄድ ኡጋንዳን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2012 የዩኒቨርሲቲዎች የእግር ኳስ ሊግ ጀመሩ። ሊግ ነው፤ ቡድኑ ዛሬ በራሱ ግቢ፣ ሌላ ጊዜ በተጋጣሚው ግቢ ይጫወታል። ደቡብ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2008 ቫርሲቲ ካፕ የሚባል የራግቢ ውድድር አቋቋሙ። ሰኞ ማታ፣ በየዩኒቨርሲቲው ሜዳ፣ በቴሌቪዥን እየተላለፈ። ተመልካቹ ከዶርሙ ወጥቶ በእግሩ የሚመጣው ተማሪ ነው። ሁለቱም ያወቁት ነገር ቀላል ነው፤ ተማሪውን ወደ ጨዋታው በአውቶቡስ ከመውሰድ ጨዋታውን ወደ ተማሪው ማምጣት ይሻላል።

«እንደ አሜሪካ እናድርገው» ለሚለው ግን ቀስ እንበል እላለሁ። የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተው ተማሪዎች በእግር ኳሳቸው ሜዳ ላይ እየሞቱ አገር ስለጮኸ ነው፤ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀሩ ኮሌጆቹን ጠርተው ነበር። ተማሪን ለመጠበቅ የተወለደው ማኅበር በመቶ ዓመት ውስጥ የቢሊዮን ዶላር ገበያ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 «ለተጫዋቾቹ የምትነፍጋቸው ጥቅም አለ» ተብሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። ገንዘቡ ቢያስቀናም መንገዱ አያስቀናም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። «በዚህ ጊዜ ተማሪን ከግቢ ግቢ ማጋጠም እሳት መጫር ነው» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ከሜዳ የወጣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው በተነሳው ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ልጇን ለዲግሪ ልካ ሬሳ የተቀበለች እናት አለች። እሷ ፊት ቆሞ «ስፖርት ለወንድማማችነት» የሚል መፈክር ማንበብ ነውር ነው።

ግን እስቲ አንድ ነገር እናስተውል። ተማሪው በብዛት የሚመደበው ከያለበት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቡድን የጎንደር ልጆች ቡድን አይደለም፤ በረኛው ከወላይታ፣ አጥቂው ከወለጋ፣ ተከላካዩ ከሐረር ቢሆን ማንም አይደነቅም። የጅማም፣ የሐዋሳም እንዲሁ ነው። ተጋጣሚውን በብሔሩ የሚሰድብ ደጋፊ የራሱን በረኛ ነው የሚሰድበው። ይህን ያህል የተቀላቀለ ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ እንኳ በገንዘብ ነው የሚገዛ። እኛ ግን ያለንን አናውቅም፤ ተማሪዎቹን ቀላቅለን እናስገባቸዋለን፣ ከዚያ በየቋንቋቸው ዶርም ይዘው ሲቀመጡ ዝም ብለን እናያለን።

ስፖርት ጦርነት ያስቀራል አልልም። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ መቐለ ዩኒቨርሲቲ የመላ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨዋታ አስተናግዶ ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቆይቶ ምን እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ ከኳስ የማይችለውን አንጠይቀው። የሚችለው ትንሽ ነገር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን አብሮህ የሚለማመድን ልጅ በስሙ ትጠራዋለህ። ወሬ በመጣ ሌሊት «እነሱ» ከማለትህ በፊት ስሙ ይመጣብሃል። ይህ ትንሽ ነገር ግን በአንድ ሳምንት ፌስቲቫል አይገኝም።

ስለዚህ ከታች ይጀመር። ዲፓርትመንት ከዲፓርትመንት፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ዓመቱን ሙሉ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ዳኛም መርሐ ግብር አውጪም ሆነው። ቡድኑ ሲደለደል በዕጣ ይሁን፣ እንደ ዶርሙ በቋንቋ አይሰባሰብ። ቀጥሎ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቅርብ ለቅርብ ያሉት በደርሶ መልስ ይጋጠሙ። ሐረማያ፣ ድሬዳዋና ጅግጅጋ ጎረቤት ናቸው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ሬጂስትራሩ የጨዋታውን ቀን ከትምህርት ካላንደሩ ጋር አብሮ ያውጣው፤ ማካካሻ ፈተናም የመምህሩ ቸርነት መሆኑ ይቅርና ደንብ ይሁን። አገር አቀፉ ውድድር የዚህ ሁሉ መጨረሻ ይሁን። ከታች ያልተዘራ ከላይ አይታጨድም።

«በጀቱስ?» ለምትሉ፣ የአንድ መክፈቻ ቱታና ባነር ስንት ኳስና ስንት መረብ እንደሚገዛ የፋይናንስ ኃላፊውን ጠይቁ። የክብር እንግዳ ሆነው የሚጋበዙትን ደግሞ አንድ ውለታ እንለምናቸው። ዋንጫውን ከማስረከባቸው በፊት አሸናፊውን ዩኒቨርሲቲ «ባለፈው ማክሰኞ ማታ በግቢያችሁ ስንት ተማሪ ተጫወተ?» ብለው ይጠይቁልን። መልስ ከጠፋ ዋንጫው ትንሽ ይቆይ።