የካንሰር አኀዝ፦ ልኬት ወይስ ግምት?

በኢትዮጵያ ስላለው የካንሰር ሁኔታ የሚቀርቡ ጽሑፎች መግቢያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የአዲስ ሕሙማን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2012 60,960፣ በ2018 67,573፣ በ2020 ደግሞ 77,352 እንደነበረ ይጠቀስና በሽታው በአስደንጋጭ ፍጥነት እየጨመረ ነው የሚል መደምደሚያ ይከተላል። አኀዞቹ ከግሎቦካን የተወሰዱ ናቸው፤ መደምደሚያው ግን ከእነርሱ አይገኝም።

ግሎቦካንን የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ራሱ የተለያዩ እትሞችን እርስ በርስ እያነጻጸሩ የጊዜ ለውጥ ማንበብ እንደማይገባ ያሳስባል፤ የመረጃው ምንጭም የስሌቱም ዘዴ በየጊዜው ይለወጣልና። ከዚህም ሌላ የሕዝብ ቁጥር ሲያድግ የሕሙማን ቁጥርም አብሮ ያድጋል። በዕድሜ የተስተካከለ ምጣኔ ሳይቀርብ ጥሬ ቁጥር ብቻውን ስለ በሽታው መስፋፋት ብዙ አይናገርም።

ይበልጥ የሚያሳስበው የግምቱ መሠረት ነው። በኅብረተሰብ ላይ የተመሠረተ የካንሰር ምዝገባ በአዲስ አበባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ለአገር አቀፉ ግምት ዋናው መነሻም ይኸው ነው። ከተማዋ በ2007ቱ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ የያዘችው ከ4 በመቶ ያነሰ ነበር። ለሕክምና ከክፍለ ሀገር የመጣ ሕመምተኛ የዘመዱን አድራሻ መኖሪያዬ ብሎ ሲያስመዘግብ የከተማዋ ምጣኔ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ መዲናዋን ሳያይ በቀዬው የሚሞተው ደግሞ ከናካቴው አይቆጠርም። የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በአርሲና በባሌ አካባቢ በሽታው ጎልቶ እንደሚታይ የሆስፒታል ጥናቶች ደጋግመው አመልክተዋል፤ በአዲስ አበባ ልክ የተቆረጠ አገራዊ ግምት ግን ይህን ሊያሳይ አይችልም። የኢንዶስኮፒ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ የሚመደበው እንዲህ ያለውን ግምት በመመልከት ከሆነ፣ ጉዳቱ በወረቀት ላይ አይቀርም።

ስለ ሞትና ስለ መትረፍ የሚባለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ለ2020 የተገመቱት 51,865 ሞቶች ለአዲስ ሕሙማን ሲካፈሉ 67 በመቶ ያህል ይሆናል። ከዚህ በመነሣት ከሦስት ሕሙማን አንዱ ይድናል የሚሉ አሉ። ሆኖም የሞት ምክንያት በተሟላ ሁኔታ በማይመዘገብባቸው አገሮች የሟቾቹ ቁጥር ራሱ የሚሰላው ከአዲስ ሕሙማን ግምት ላይ በሞዴል ነው። ሞዴሉ ያስገባውን ምጣኔ መልሶ እንደ ግኝት ማቅረብ ክብ መዞር ነው።

የሆስፒታል የመትረፍ ጥናቶችም ሌላ ጉድለት አለባቸው። ሕክምናውን አቋርጦ ወደ አገሩ የተመለሰ ሕመምተኛ ለመጨረሻ ጊዜ በታየበት ቀን በሕይወት እንደነበረ ይያዝና ከክትትሉ ይወጣል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የቀሩት ሕመሙ ጠንቶባቸው ወይም ገንዘባቸው አልቆ ስለሚሆን፣ ሥዕሉ ከእውነታው የተሻለ መስሎ ይታያል። የሕሙማንን ቤተሰብ በስልክ ወይም በቀበሌ አፈላልገው ውጤቱን ያረጋገጡ ጥናቶች ተመራጭ የሚሆኑት ለዚህ ነው። የጠፉትን ሕሙማን ብዛት ሳይገልጽ የአምስት ዓመት የመትረፍ ምጣኔ የሚያቀርብ ጽሑፍ ሲመጣ፣ ገምጋሚው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ቁጥር ነው።