የሰው ነው ወይስ የከብት? በሌሞ ምንጮች የብክለትን መነሻ ስለ መለየት

የውሃ ብክለትን መነሻ በባክቴሪያ አማካይነት ወደሚፈልገው ሙያ አዲስ የሚገቡ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ሳይውሉ ሳያድሩ የሚያነሡት ጥያቄ፣ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በሰውም በላምም በበግም አንጀት ውስጥ የሚኖር ከሆነ በምንጭ ውሃ ውስጥ መገኘቱ በካዩን እንዴት ሊያሳውቅ ይችላል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አያሳውቅም የሚል ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ኤሸሪክ ባክቴሪያውን በ1885 እ.ኤ.አ. ከሕፃናት ዓይነ ምድር ለይቶ ካገኘው፣ ክርስቲያን አይክማንም በ1904 እ.ኤ.አ. ከሰገራ የመጡትን ከአፈር ከመጡት በከፍተኛ ሙቀት መለየት እንደሚቻል ካመለከተ ጀምሮ፣ የባክቴሪያው ቆጠራ ውሃው በሰገራ መነካቱን ሲመሰክር ኖሯል፤ ሰገራው የማን እንደሆነ ግን መስክሮ አያውቅም።

በወረዳ ደረጃ የሚሠራበት ተንቀሳቃሽ የመመርመሪያ ሳጥን ይህን በግልጽ ያሳያል። መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ በስስ ማጣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረግና ማጣሪያው በቀይ የምግብ መረቅ በራሰ ንጣፍ ላይ ተቀምጦ በ44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ14 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል፤ ሳህኑ ሲከፈት እያንዳንዱ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ማለትም ከአንድ ባክቴሪያ የተራባው ኮሎኒ፣ በአጉሊ መነጽር ሳይቀር ይቆጠራል። ከሽንት ቤት ሰርጎ የመጣው ቢጫና ከእበት ታጥቦ የወረደው ቢጫ ጎን ለጎን ሲታዩ በመጠንም ሆነ በቀለም አይለያዩም።

በሀዲያ፣ በሆሳዕና ከተማ ዙሪያ ባለው የሌሞ ወረዳ ጉዳዩ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይወሳሰባል። የሀዲያ ገበሬ ቤት በእንሰት የተከበበ ነው፤ እንሰቱ የሚበላው ማዳበሪያ የከብት እበት ነው፤ ከብቶቹም በብዙ ቤት ሌሊቱን የሚያሳልፉት ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከበረቱ የሚጠረገው እበት በእንሰቱ ሥር ይበተናል፣ ሽንት ቤቱም ብዙ ጊዜ የሚቆፈረው እዚያው እንሰቱ መካከል፣ የሰው ዓይን በማይደርስበት ጥግ ነው። ከዚህ ሁሉ ዝቅ ብሎ ተዳፋቱ ሲያልቅ ምንጩ ይገኛል። ምንጩ የጎለበተ ቢሆንም እንኳ፣ ማለትም በድንጋይና በሲሚንቶ ታጥሮ ቧንቧ የወጣለት ቢሆንም፣ ከላይ የሚወርደው ውሃ ያለፈበትን መንገድ አይቀይርም። ስለዚህ የላብራቶሪ ውጤት ሲመጣ ሽንት ቤቱንና በረቱን እኩል ያስጠረጥራል፤ ሁለቱም ከምንጩ በላይ ጎን ለጎን ናቸውና።

ይህን ችግር በቀላል ስሌት እንፈታለን የሚሉ ባለሙያዎች አሁንም አልጠፉም። አሜሪካዊው ኤድዊን ጌልድራይክና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢ ኮላይ የሚገኝበት የሰገራ ኮሊፎርም ቡድን ብዛት ለሰገራ ስትሬፕቶኮከስ ብዛት ሲካፈል ድርሻው ከ4 በላይ ከሆነ የሰው፣ ከ0.7 በታች ከሆነ ደግሞ የእንስሳት ነው የሚል መለኪያ አቅርበው ነበር። መለኪያው በትኩስ ሰገራ ላይ የሚሠራ ቢመስልም ሁለቱ የባክቴሪያ ቡድኖች ከአንጀት ከወጡ በኋላ የሚሞቱበት ፍጥነት የተለያየ በመሆኑ፣ ውሃው ጥቂት ቀን ሲቆይ ስሌቱ ከብክለቱ መነሻ ሳይሆን ከዕድሜው ጋር ይለዋወጣል። በዚህ ምክንያት ከተተወ ብዙ ዘመን የሆነው ስሌት በርካሽነቱ ብቻ ተመልሶ ሲመጣ ማየት ያሳዝናል፤ የተሳሳተ መልስ ከሚሰጥ ርካሽ መለኪያ ይልቅ አናውቅም የሚል ሪፖርት ይሻላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። አን በርንሃርድና ካትሪን ፊልድ በኦሪገን ግዛት ቲላሙክ በተባለው የወተት ላሞች አገር ባለ የባሕር ወሽመጥ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ባክቴሮይድስና ዘመዶቹ የተባሉት ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ የአንጀት ባክቴሪያዎች በዘረ መላቸው የሰውን ከላም እንደሚለዩ አሳዩ። እነዚህ ባክቴሪያዎች አየር ባለበት ውሃ ውስጥ ስለማይራቡ፣ ኢ ኮላይ በሞቃት አገሮች አፈር ውስጥ ሊራባ እንደሚችል በሃዋይ ከታየው ችግር ነፃ ናቸው። የዘረ መል ቁራጩን በሚያባዛው ፒሲአር በተባለ ዘዴ የሚፈለገው ኤችኤፍ183 የተባለው የሰው ምልክት ዛሬ በዓለም ዙሪያ በስፋት ከሚሠራባቸው ምልክቶች አንዱ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ በኦሪገን መሥራቱ በሌሞ ይሠራል ለማለት አያበቃም፤ እንዲህ ብሎ መገመት በአሁኑ ወቅት በሙያው ውስጥ ካሉ ስህተቶች ሁሉ የከፋ ነው። አንድ ምልክት ሁለት ፈተና ማለፍ አለበት፤ አንደኛው በአካባቢው ሰዎች ሰገራ ውስጥ በአብዛኛው መገኘቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ በላም እበት፣ በበግና በፍየል በጠጥ፣ በፈረስና በአህያ ፋንድያ፣ በዶሮ ኩስና በውሻ ዓይነ ምድር ውስጥ አለመገኘቱ ነው። በመጀመሪያው ከወደቀ የሰው ብክለት እያለ የለም ይላል፤ በሁለተኛው ከወደቀ ደግሞ የሌለውን አለ ይላል።

የሌሞ ሰው አንጀት የኦሪገን ሰው አንጀት አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የቡርኪና ፋሶ ገጠር ልጆችን ከጣሊያን ፍሎሬንስ ልጆች ጋር ሲያነጻጽር፣ አሰር (ፋይበር) የበዛበት የእህልና የአትክልት ምግብ በሚበሉት ዘንድ ፕሬቮቴላ የተባለው ባክቴሪያ ሲገን፣ በጣሊያኖቹ ዘንድ ደግሞ ባክቴሮይድስ እንደሚበዛ አሳይቷል። ኤችኤፍ183 የሚፈልገው የባክቴሮይድስን ወገን ነው። ቆጮና ጎመን ዋና ምግቡ በሆነ ሕዝብ ዘንድ ምልክቱ ሊሳሳ ይችላል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር አብረው በሚያድሩበት ቤትም ባክቴሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም ብሎ ያለ ፈተና ማመን አይቻልም። እነዚህን ጥርጣሬዎች የሚፈታው ከየቤቱና ከየበረቱ ናሙና መሰብሰብ ብቻ ነው።

የናሙና አሰባሰቡም የራሱ ሥርዓት አለው። የላም እበት የሚወሰደው ማለዳ፣ በረቱ ሳይጠረግ፣ እንስሳዋ ስትጥል ታይቶ፣ ከክምሩ የላይኛው ክፍል መሬት ካልነካው ላይ ነው፤ መሬት የነካው ከጎረቤት በግና ከዶሮ ጋር ተቀላቅሏልና። የሰው ናሙና ግን በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መሪነት፣ ቤተሰቡ ዓላማው ተነግሮት ሲፈቅድ ብቻ የሚገኝ ነው፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ማሽን አይተካውም።

ፒሲአር የሌለው ላብራቶሪም ባዶ እጁን አይደለም። ዱንካን ማራና ኦራጉዊ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሶርቢቶል የተባለውን ስኳር የሚያብላሉ ቢፊዶባክቴሪያዎች የሰው፣ ሮዶኮከስ ኮፕሮፊለስ ደግሞ ሣር የሚግጡ እንስሳት ምልክት መሆናቸውን አሳይተዋል። የመጀመሪያው አየር የማይገባበት ማሰሮ ይፈልጋል፤ ከአንጀት ውጭም ፈጥኖ ስለሚሞት መገኘቱ ብክለቱ የቅርብ መሆኑን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ለማደግ ከሁለት ሳምንት በላይ ስለሚወስድ ብዙዎች ይሸሹታል። ትዕግሥት ያለው ሰው ግን በእነዚህ ሁለቱ ብዙ ያውቃል። ካፌይንን የሰው ፍሳሽ ምልክት አድርጎ የመለካቱ ዘዴ ግን በሀዲያና በአጎራባቹ ከምባታ አይመከርም፤ ቡና በጓሮ በሚበቅልበት፣ አተላውም በየደጃፉ በሚደፋበት አገር ውጤቱ አሳሳች ነው።

የናሙናው ጊዜም የምልክቱን ያህል ይናገራል። ብክለቱ በበጋም በክረምትም ሳይለዋወጥ ከቆየ ከመሬት በታች የሚሰርግ ሽንት ቤት መጠርጠር አለበት፤ ከመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በኋላ በድንገት ካሻቀበ ግን ከሜዳና ከጓሮ ታጥቦ የወረደ እበት ነው ብሎ መነሣት ይሻላል። በሆሳዕና አጠገብ የሚያልፈውን፣ ወደ ቢላቴ ተፋሰስ የሚገባውን የባቴና ወንዝ በበጋ ብቻ ለክቶ መፍረድ የዓመቱን ግማሽ ትቶ መፍረድ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠየቀው ከውጤቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ክስ ስላለ ነው። በሀዲያ የከብት ብዛት የክብር መለኪያ ሆኖ የኖረ በመሆኑ፣ ለአንድ አባወራ ምንጩን የበከሉት ከብቶችህ ናቸው ማለት በጉባኤ ፊት ማዋረድ ነው፤ ከላይ ላለችው ጎረቤት ሽንት ቤትሽ ነው ማለትም እንዲሁ። ዕድሜውን በዚህ ሙያ ያሳለፈ ሰው ከሁሉ በላይ የሚኮራበት ያለ ማስረጃ የተወነጀለ ሰው በማስረጃ ነፃ ሲወጣ ማየት ነው፤ ጥፋተኛውን ከማግኘት ይልቅ ይህ ይበልጣል። የከብት መሆኑ ሲረጋገጥም አደጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ታይፎይድ የሰው ብቻ በሽታ ቢሆንም፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ተውሳክ ከጥጆች ወደ ሕፃናት ይተላለፋል። መፍትሔው ግን ይለያያል፤ ለአንዱ ሽንት ቤት ማራቅ፣ ለሌላው ከምንጩ በላይ አጥርና የውሃ መቀልበሻ ቦይ መሥራት ነው።

በሆሳዕና የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ምንጮችን ከመመርመራቸው በፊት የሌሞን ሰገራና እበት፣ በጠጥና ኩስ በየዓይነቱ ሰብስበው ምልክቶቹን ይፈትኑ፤ ያልሠራውንም ምልክት አልሠራም ብለው ያትሙ። ይህ ሳይደረግ የሚጻፍ ማንኛውም ሪፖርት ብክለቱ የከብት ነው ወይም የሰው ነው ብሎ መፈረም የለበትም።