ከአዳራሽ ወደ ጎዳና፦ የሶሆ ጥበበኞች ትርኢትና የከተማ ጉብኝት

የሥዕል ትርኢት ተመልካቹን ከጎዳና ነጥሎ ወደ አዳራሽ ያስገባዋል፤ የከተማ ጉብኝት ደግሞ ከአዳራሹ አውጥቶ ለጎዳናው ይመልሰዋል። እነዚህ ሁለት ተግባሮች በአንድ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ የጥበበኞች ማኅበር እጅ ሲገናኙ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሰዓሊ ወይም ቀራፂ ከተማን ሲያስጎበኝ ምን ያሳያል? ማንንስ ሳያሳይ ያልፋል? ከ1970 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሶሆ በተባለው ሰፈር ይኖሩ የነበሩ ጥበበኞች ራሳቸው በከፈቷቸው ማሳያዎችና ራሳቸው በመሯቸው ጉብኝቶች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ዛሬም ሊመረመር የሚገባው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥበበኞች ከተማን ማስጎብኘት የጀመሩት በሶሆ አይደለም። ኤፕሪል 14 ቀን 1921 የፓሪስ ዳዳውያን ሕዝቡን ወደ ቅዱስ ጁልያን ለ ፖቭር፣ እምብዛም ወደማይጎበኝ ትንሽና ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጠርተው ነበር። አንድሬ ብሬቶንና ትሪስታን ትዛራ ከጠሪዎቹ መካከል ነበሩ። ዕለቱ ዝናባማ ነበር። ዦርዥ ሪብሞን-ዴሴኝ አስጎብኚ ሆኖ፣ ላሩስ የተባለውን መዝገበ ቃላት ይዞ፣ እንደ አጋጣሚ የተገለጠለትን ገጽ ያነብ ጀመር። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ተበተነ፤ ሊቀጥሉ የታሰቡት ሌሎች ጉብኝቶችም ሳይካሄዱ ቀሩ። ዳዳውያን የተለመደውን አስጎብኚ፣ ያንን ዓመተ ምሕረትና የነገሥታት ስም የሚደረድረውን ሰው፣ መቀለጃ ማድረጋቸው የሚያስነቅፋቸው አልነበረም። ይሁን እንጂ ቀልዱ ከቀልድነት አላለፈም። ጎብኚው ሲመለከት የዋለው አስጎብኚዎቹን እንጂ ቦታውን አልነበረምና።

ሶሆ ስሙን ያገኘው ከሃውስተን ጎዳና በስተደቡብ በመገኘቱ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የተሠሩት፣ ግንባራቸው በቅርፅ በፈሰሰ ብረት የተዋበው ሕንፃዎቹ በመጀመሪያ መደብርና መጋዘን፣ ቆይተውም የአነስተኛ ፋብሪካዎች መኖሪያ ነበሩ። ፋብሪካዎቹ እየለቀቁ ሲሄዱ ባዶ የቀሩትን ሰፋፊ ወለሎች ጥበበኞች በርካሽ ዋጋ ይከራዩ ጀመር። በሕግ ግን በዚያ መኖር አይፈቀድላቸውም ነበር። ከዚህም በላይ ሰፈሩን ሰንጥቆ እንዲያልፍ የታቀደው ፈጣን የመኪና መንገድ ዕቅዱ በ1969 እስኪሰረዝ ድረስ፣ ብዙዎቹ ሕንፃዎች መፍረሻቸውን የሚጠባበቁ ነበሩ። እንግዲህ በዚያ የሰፈረው ጥበበኛ ነገ እንደሚኖር ያላወቀውን ቤት በዛሬው ዓይኑ የሚመለከት ሰው ነበር ማለት ነው።

በ1970 ጄፍሪ ሉ የተባለው ጥበበኛ በግሪን ጎዳና ቁጥር 112 የሚገኘውን፣ ቀድሞ የብጫቂ ጨርቅ መጋዘን የነበረውን ሕንፃ ታችኛ ወለልና ከሥሩ ያለውን ክፍል ከጓደኞቹ ጋር ለሥራ ማሳያ ከፈተው። ከእነርሱም አንዱ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ጥበብ ተምሮ በ1968 የተመረቀው ጎርደን ማታ-ክላርክ ነበር። ቤቱ ነጋዴ አልነበረውም፤ መራጭ ጉባኤም አልነበረውም። የቤቱ ሻካራነት ለሠሪዎቹ እንቅፋት ሳይሆን መነሻ ሆነላቸው። ማታ-ክላርክ ከታች ያለውን ወለል ቆፍሮ ከመሠረቱ አጠገብ የቼሪ ዛፍ ተከለ። ዛፉ ፀሐይ ከማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ብዙ አልቆየም። ነገር ግን ተመልካቹ ማሳያ ቤቱ ራሱ አፈር ላይ የቆመ፣ ሊቆፈርና ሊመረመር የሚችል ነገር መሆኑን ተረዳ። ይህም አዳራሹን እንደ ባዶ ነጭ ሣጥን ከሚቆጥረው ልማድ ፈጽሞ የተለየ አስተሳሰብ ነው።

በ1972 በዚያው ቤት ያቀረበው «የግድግዳ ወረቀት» የተሰኘው ሥራው ደግሞ ከተማውን ወደ አዳራሽ ያስገባ ነው። በድሃ ሰፈሮች በከፊል የፈረሱ የኪራይ ቤቶችን ግድግዳ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በጋዜጣ ወረቀት ላይ በቀለም አሳትሞ ከላይ እስከ ታች ሰቀለው። የአንድ ቤተሰብ መኝታ ቤት የነበረው ግድግዳ፣ ቀለሙ እንደ ተቀባ፣ ለአላፊ አግዳሚ ተጋልጦ ይታያል። ሥራው ኀይል እንዳለው አይካድም። ነገር ግን አንድ ጉድለት አብሮት አለ፤ በእነዚያ ግድግዳዎች መካከል የኖሩት ሰዎች በሥራው ውስጥ የሉም። ወዴት እንደ ሄዱ፣ ማን እንዳስወጣቸው ወረቀቱ አይናገርም። ከብሮንክስ ባዶ ቤቶች ቆርጦ ያመጣቸው የወለል ቁራጮችም በዚሁ ቤት ሲታዩ ያው ዝምታ አልተለያቸውም። ከአዳራሽ ወጥቶ ቦታው ድረስ መሄድ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን እርምጃ በግልጽ የወሰደው የፍሉክሰስ መሥራች፣ የሊትዌኒያ ተወላጁ ጆርጅ ማቹናስ ነው። ማቹናስ ከ1967 ጀምሮ፣ በዉስተር ጎዳና ቁጥር 80 ካለው ሕንፃ አንሥቶ፣ ጥበበኞች በኅብረት ገዝተው የሚኖሩባቸውን ቤቶች ያደራጀ ሰው ነበር። ሥራው ከሕግ ጋር አጋጭቶታል። በ1975 መጨረሻም ከዚሁ ሥራ በመጣ የገንዘብ ጠብ ክፉኛ ተደብድቦ የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጥቷል። ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሜይ 1976፣ እርሱና ጓደኞቹ በሶሆና በአካባቢው ተከታታይ የእግር ጉብኝቶችን አዘጋጁ። ከእነርሱም አንዱ የእግረኛ መንገድ ጠርዞችን፣ ሌላው ጠባብ ቅያሶችን፣ የጓሮ ግቢዎችንና መውጫ የሌላቸውን መንገዶች የሚያሳይ ነበር።

እነዚህ ጉብኝቶች ከፓሪሱ ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው ጎልቶ ይታያል። ዳዳውያን ወደማያውቁት ግቢ ገብተው ቀለዱ፤ ማቹናስ ግን ያስጎበኘው ቧንቧውንና ጣሪያውን ሲጠግን የኖረበትን ሰፈር ነው። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ቅያሱን ለማሳየት በቅያሱ የኖረ ያስፈልጋል። በፍሉክሰሱ ጉብኝትም ቀልድ አለ፤ የመንገድ ጠርዝ እንደ ታላቅ ሐውልት መጎብኘቱ ያስቃል። ነገር ግን ከሣቁ በኋላ ጎብኚው ማጎንበስ ይገደዳል። ድንጋዩ እንዴት እንደ ተበላ፣ በየትኛው በር ፊት ይበልጥ እንደ ተሰበረ ያያል። በማግስቱም ያለ አስጎብኚ በራሱ መንገድ ሲሄድ ዓይኑ ወደ ጠርዙ ይወርዳል። መልካም ጉብኝት የሚለየው በዚህ ነው፤ አስጎብኚው ከሄደ በኋላ ጎብኚው ዘንድ የሚቀር የማየት ልማድ ይተክላል።

ማታ-ክላርክ ደግሞ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ጠርዝ ወሰደው። በ1973ና በ1974 የከተማው አስተዳደር በሐራጅ ከሚሸጣቸው ትርፍራፊ መሬቶች 15 ቁራሾች፣ እያንዳንዳቸውን ከ25 እስከ 75 ዶላር በሚደርስ ዋጋ ገዛ። አሥራ አራቱ በኩዊንስ፣ አንዱ በስታተን አይላንድ ይገኛሉ። በቅየሳ ስሕተትና በካርታ አለመግጠም የተፈጠሩ፣ ለቤት መሥሪያ የማይበቁ ቀጫጭን መሬቶች ናቸው፤ ከእነርሱም በሌሎች ሰዎች ይዞታ ተከበው መግቢያ ያጡ አሉ። ባለቤቱ ራሱ እንኳ ሊቆምበት የማይችል መሬት! ይህ የጉብኝት ሁሉ ተቃራኒ የሆነ ጉብኝት ነው፤ መድረሻው አለ፣ መግቢያው ግን የለም። በዚህም የንብረት ሕግ በወረቀት ላይ የሚሠራውና እግር በምድር ላይ የሚያገኘው የተለያዩ መሆናቸውን ከብዙ ንግግር በተሻለ አሳየ። ማታ-ክላርክ በ1978 በ35 ዓመቱ ሲሞት መሬቶቹ ግብር ሳይከፈልባቸው ቀርተው ወደ ከተማው ተመለሱ። ካርታዎቹ፣ ፎቶግራፎቹና የይዞታ ወረቀቶቹ በ1992 በሥራ መልክ ተቀናበሩ፤ በ2005ም በኩዊንስ ሙዚየምና የግሪን ጎዳናው ቤት ወራሽ በሆነው በዋይት ኮለምስ ጋለሪ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ዐውደ ርእይ ቀረበ።

ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ቢሆንም ሒሳቡ በዚህ አይዘጋም። በ1971 የከተማው አስተዳደር የምስክር ወረቀት ያላቸው ጥበበኞች በሶሆ እንዲኖሩ ፈቀደ፤ በ1973 ሰፈሩ በታሪካዊነት ተመዘገበ። ጥበበኞቹ ያዩትን ውበት ሌሎችም አዩት። ታዋቂ የሥዕል ነጋዴዎች መጡ፤ ምግብ ቤቶችና የውድ ልብስ መደብሮች ተከተሉ፤ ኪራዩም ናረ። ነገሩ «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» እንደሚባለው ነው። ሰፈሩን ከመፍረስ ያዳነው የጥበበኞቹ ዓይን ጥበበኞቹን ለማስወጣትም ምክንያት ሆነ።

ይሁንና ከሰፈሩ ቀድሞ የወጣው ጥበበኛው አልነበረም። የከተማ ፕላን ባለሙያው ቼስተር ራፕኪን በ1963 ባቀረበው ጥናት እንዳመለከተው፣ በእነዚያ «ባዶ» በተባሉ ሕንፃዎች ውስጥ ገና ሥራ ላይ የነበሩ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ከሠራተኞቻቸውም ብዙዎቹ ጥቁሮችና ፖርቶ ሪካውያን ነበሩ። ከጉብኝቶቹ መካከል የታወቁት ግን ስለ ጠርዝ፣ ስለ ቅያስና ስለ ጓሮ ናቸው። በጓሮው በር ጨርቅ ተሸክማ የምትገባው ሠራተኛ አስጎብኚ ሆና አልተጠራችም፤ እርሷም የምታውቀው ሶሆ ነበራት። የማታ-ክላርክ ግድግዳዎች ነዋሪውን እንደ ዘነጉ ሁሉ፣ የማቹናስ ጉብኝቶችም ድንጋዩን ሲያስተውሉ ሰውየውን ሳያስተውሉ አለፉ። ይህ የሁለት ሰዎች የግል ድክመት ብቻ አይደለም፤ የተጣለ ነገር ሁሉ ባለቤት የለውም ብሎ የሚያስብ የዘመኑ ጥበብ ድክመት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጥበበኛ ከአዳራሹ አይውጣ የሚል አይደለም። እንዲያውም የግሪን ጎዳናው ቤትና የ1976ቱ ጉብኝቶች ያረጋገጡት፣ በጥበበኞች የሚመራ ማሳያ ከግድግዳው ውጪ ላለው ከተማ ጭምር ኀላፊነት እንዳለበት ነው። ሆኖም ዛሬ ትርኢትን ከከተማ ጉብኝት ጋር የሚያጣምር ማንኛውም የጥበበኞች ቤት ሲመዘን፣ በጎብኚዎቹ ብዛት ወይም በመንገዱ እንግዳነት መመዘን የለበትም። ጎብኚዎቹ የሚያልፉበት በር የማን እንደ ሆነ፣ ያ ሰው ተናጋሪ ሆኖ መሰለፍ አለመሰለፉ፣ ጉብኝቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላም በዚያው በር መግባት መቻል አለመቻሉ መጠየቅ አለበት። ሶሆ ዓይንን በማስተማር ረገድ ታላቅ ትምህርት ቤት ነበር። ያላስተማረው የቤቱን ባለቤት ሰላም ብሎ መግባትን ነው።