አካፋውን አስቀድሙ

የወይን እርሻ «ባዮዳይናሚክ ነው» ሲባል ብዙ ሰው ስለ ላም ቀንድ ይጠይቃል። እኔ አካፋ እጠይቃለሁ።

የቀንዱ ነገር የመጣው የባዮዳይናሚክ እርሻን ካስጀመረው ከሩዶልፍ ሽታይነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በምትገኘው ኮበርቪትስ ለገበሬዎች ባስተማረው መሠረት፣ እበት በቀንድ ተሞልቶ የቅዝቃዜውን ወራት ከመሬት በታች ይከርማል፤ በጸደይ ይወጣና አንድ ሰዓት ሙሉ በውሃ ተማስሎ ይረጫል። ለአንድ ሄክታር 100 ግራም ያህል ይበቃል። ይህች ጥቂት ግራም ብቻዋን መሬት ታድናለች ብዬ አላምንም። የሠሪውን ትጋት ግን ትመሰክራለች፤ በደንብ የበሰበሰው ከቀንዱ ሲወጣ የጫካ አፈር እንጂ እበት አይሸትም።

አሁን ወደ ረድፉ መሐል ግቡና 30 ሴንቲሜትር ያህል ቆፍሩ። ሕይወት ያለው አፈር አካፋውን አይገፋም፤ ጓሉ ሲጫኑት ይፈረፈራል፣ የምድር ትል የሄደበት ቀዳዳ ይታይበታል። ቀጫጭኑ ሥር ወደ ታች ይወርዳል ወይስ ምግቡን ከላይ ለምዶ ከላይ ተዘርግቷል? አረም ማጥፊያ የሚረጭ ጎረቤት ካለ ደግሞ ወሰኑ ላይ በሁለቱም ወገን ቆፍሩ። ልዩነት ካጣችሁ ባዮዳይናሚክ ገበሬ ሥራውን የሚቀጥርበት የጨረቃ አቆጣጠር የቱንም ያህል ቢጠበቅ ሥራው አልተሠራም።

መዳብንም ጠይቁ። ብዙ ገዢ አያውቀውም እንጂ ባዮዳይናሚክ ገበሬም የቅጠል ሻጋታን ለመከላከል መዳብ ይረጫል፤ መዳብ ደግሞ አፈር ውስጥ እየተጠራቀመ ያንኑ ትል ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት ለኦርጋኒክ እርሻ በ7 ዓመት ከ28 ኪሎ በላይ በሄክታር አይፈቅድም። ዝናብ በበዛበት ዓመት ስንት እንደረጨ መዝገቡን ገልጦ የሚያሳይ፣ ቅጠል አሳስቶ ነፋስ እያስገባ መጠኑን የቀነሰ ገበሬ ልቤን ያሞቀዋል።

ብርጭቆው ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በሎዋር ሸለቆ፣ ሳቬንዬር ውስጥ ኩሌ ደ ሴራን የተባለውን 7 ሄክታር ያህል እርሻ ባዮዳይናሚክ ያደረገው ኒኮላ ዦሊ፣ ነጭ ወይኑ ከመጠጣቱ አስቀድሞ እንዲከፈት ይመክራል። እኔም ግማሹን ለነገ አስቀራለሁ። ጥሩው በማግስቱ ሰፍቶና ጠርቶ ይገኛል። የሆምጣጤ ሽታ ወይም ከዋጡት በኋላ ጉሮሮ ላይ የሚቀር የአይጥ ሽታ ከመጣ ግን «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ነው» የሚለውን አትቀበሉ፤ ጓዳው ውስጥ ንጽሕና ወይም ክትትል ጎድሏልና ጠርሙሱን መልሱ።