«ገዢ» እና «ተሸናፊ»፤ በጤፍ ቀለም የተመዘኑ ሁለት ቃላት

የዕፀዋት ባሕርይ ከወላጅ ወደ ዘር የሚተላለፍበትን ሕግ ስናስተምር፣ ዶሚናንት የሚለውን ቃል «ገዢ»፣ ሪሴሲቭ የሚለውን «ተሸናፊ» ብለን ብንተረጉም ለአፍ ይቀልል ይሆናል። ይሁን እንጂ ተማሪው ከእነዚህ ቃላት የሚቀስመው ሐሳብ የተሳሳተ ነው፤ ገዢው ብርቱ፣ የተሻለና የበዛ፣ ተሸናፊው ግን ደካማና ለመጥፋት የተቃረበ ይመስለዋልና። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ይህንኑ አተረጓጎም ነው።

የተለመደው ምሳሌ የግሬጎር ሜንዴል አተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 በታተመው ጥናቱ፣ ክብ ፍሬ ያለውን አተር ከጭምድዱ ጋር አዳቅሎ በሁለተኛው ትውልድ 5474 ክብና 1850 ጭምድድ ፍሬዎች ቆጠረ፤ ይህም 3 ለ 1 ያህል ነው። ጭምድዱ ባሕርይ በመጀመሪያው ትውልድ ተሰወረ እንጂ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1990 ምክንያቱ ታወቀ፤ በጭምድዱ አተር ውስጥ በስታርች አሠራር ላይ የሚያገለግል የአንድ ኢንዛይም ጂን ተበላሽቷል። በዲቃላው ውስጥ ግን አንዱ ደኅነኛ ጂን ብቻውን ፍሬውን ክብ ለማድረግ ይበቃል። እንግዲህ ነገሩ የመታየትና የመሰወር እንጂ የድልና የሽንፈት አይደለም።

ለእኛ ተማሪ ከአተር ይልቅ የሚቀርበው ጤፍ ነው። ቀይ ጤፍ ከነጭ ጋር ሲዳቀል የቀይነት ባሕርይ ገሃድ ይወጣል፤ ነጩ ይሰወራል። «ተሸናፊ» የተባለው ነጭ ጤፍ ግን በገበያ ከፍተኛውን ዋጋ የሚያወጣ ነው። ጤፍ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከነጭ ጤፍ ነጭ ይወለዳል፤ ገበሬውም እየመረጠ አብዝቶታል። በአንድ ድቀላ ውስጥ የሚታየው ምጣኔ በአገር ውስጥ ያለውን ብዛት አይወስንም።

የጤፍ አበባ እጅግ ጥቃቅን በመሆኑ በሰው እጅ ማዳቀል ለረጅም ዘመን አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ እንደሚከፈት ካረጋገጡ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። በቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የዱከምን ምርታማነት ከማኛ ንጣት ጋር ያጣመረውን ቁንጮን እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ። ምርታማነት ግን በብዙ ጂኖች የሚወሰን ስለሆነ፣ የ3 ለ 1 ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ተማሪው ሊገነዘብ ይገባል።

ኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሳይሠሩበት የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ በዚያ የሚያድግ ልጅ ጤፍን የሚያውቀው በማሳ ላይ ሳይሆን በእንጀራ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እናሳስባለን፦ አንደኛ፣ «ገሃድ ባሕርይ» እና «ስውር ባሕርይ» የሚሉት ቃላት በቀድሞዎቹ ይተኩ፤ ሁለተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ቀይና ነጭ ጤፍ በትንሽ መደብ ጎን ለጎን ይዘራ። መምህሩም «ስውሩ ነጭ ጤፍ ስለ ምን በዛ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን መመለስ የቻለ ተማሪ ሕጉን አስተውሎታል።